ደብረ ብርሃን ላይ በፀሐይ ውሃ ማሞቅ፦ ቀኑ ይሁን፣ ሌሊቱን ምን እናድርገው?

የጠባሴው አባወራ — ኅዳር 8

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ቤት እየጨረስኩ ነው። በቤቱ የምንኖረው አምስት ነን፤ አንዷ በዕድሜ የገፉ እናቴ ናቸው፣ ሁለቱ ልጆች። እስካሁን ገላ መታጠቢያ ውሃ የምናሞቀው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በድስት ነው። መብራት ሲጠፋ በኩበትና በባህር ዛፍ ጭራሮ እንተካለን። የመብራት ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ፊቴን ወደ ፀሐይ አዙሬአለሁ።

ችግሩ ሦስት ሻጮች ሦስት ነገር መንገራቸው ነው። አንዱ መስታወት የለበሰ፣ ውስጡ የመዳብ ቧንቧ የተዘረጋበት ጠፍጣፋ ሣጥን አሳየኝ። ሌላው የመስታወት ቱቦዎች ተደርድረው ከላይ በርሜል የተጋደመበትን። ሦስተኛው ደግሞ «ሁለቱንም ተዋቸው፤ የመብራት ሶላር ፓነል ግዛና ቦይለር አያይዝበት» አለኝ። ሦስቱም የራሳቸውን ከማስረዳት ይልቅ የሌላውን በማጣጣል ነው ጊዜያቸውን የጨረሱት።

ስለ ግቢዬ ይህን እወቁልኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የተሸከመው የባህር ዛፍ እንጨት። የከተማው ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ በብረት ማማ ላይ አለኝ። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ስንነሣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የምናገኘው። ከሦስቱ የቱን ትመርጡልኛላችሁ?


ቧንቧ ሠሪው — ኅዳር 8

ወንድሜ፣ ሻጮቹ ስለ ፀሐይ ነግረውሃል። ደብረ ብርሃን ላይ በበጋ ፀሐይ ችግር ሆና አታውቅም። ጥያቄህን ከሌሊቱ ጀምር።

ጠፍጣፋው ሣጥን መጥፎ ዕቃ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ፣ አዳማ ላይ ለዓመታት ሲሠራ አይቻለሁ፤ ውስጡ መዳብ ስለሆነ ቢበላሽም ይጠገናል። እኛ ጋ ሲመጣ ግን ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ያ ጥቁር ሰሌዳ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ሰማይ ሲተፋ ያድራል። አየሩ ገና ሦስትና አራት ዲግሪ ላይ እያለ እንኳ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሊሆን ይችላል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር መዳቡን ይተረትረዋል። ባለቤቱ ይህን ሌሊት አያውቅም። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ በረዶው ሲቀልጥ ነው ጣሪያው ላይ ምንጭ የሚፈልቀው። በታኅሣሥ ስልኬ የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔ አለው፤ ማታ ማታ ውሃውን ማፍሰሻ ቫልቭ ይገጠምለታል። ነገር ግን በየምሽቱ በብርድ ወጥቶ ያንን ቫልቭ የሚከፍት ሰው ቤትህ ውስጥ አለ? የማይረሳ? በዓል ሲሆን፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሰርግ ሲኬድ? መልስህ «አለ» ከሆነ ጠፍጣፋውን ግዛ።


ይፋት ቆላ — ኅዳር 8

ከሸዋ ሮቢት ሰላም ብያለሁ። እኛ ጋ ሮቶውን ጥቁር ገዝተን ፀሐይ ላይ አስቀምጠነው ከቀትር በኋላ ቧንቧ ስንከፍት የሚያቃጥል ውሃ ነው የሚወርደው። እንዲያውም እንዴት እንደምናቀዘቅዘው የሚነግረን ሰው ካለ ክር እከፍታለሁ። ለደገኞች ግን ከልብ አዝናለሁ።


የፊዚክስ መምህር — ኅዳር 9

ይፋት ቆላ ያለው ቀልድ ብቻ አይደለም። በአንድ ዞን ውስጥ ከ1,300 ሜትር በታች ካለው ሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ጣርማበርን ወጥቶ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ደብረ ብርሃንን ማግኘት ሁለት አገር እንደ መኖር ነው። «ለሰሜን ሸዋ የሚሆን ማሞቂያ» የሚባል ነገር ስለሌለ ሰው ምክር ሲሰጥ ከየት ሆኖ እንደሚጽፍ ቢጠቅስ ጥሩ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈጃል። አምስት ሰው እያንዳንዱ 30 ሊትር፣ 40 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በቀን ቢታጠብ 150 ሊትር ይሆናል። ከቧንቧ የሚመጣውን ውሃ 14 ዲግሪ ነው ብለን ብንነሣ 26 ዲግሪ ማሳደግ አለብን። 150 ሲባዛ በ26 ሲባዛ በ1.16፤ ወደ 4.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይመጣል። ይህ ሁለት ኪሎ ዋት የሚስብ ቦይለር ከሁለት ሰዓት በላይ ሲሠራ የሚበላው ነው፤ በየቀኑ።

የአገራችን ደጋ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል ያገኛል። ደህና የተሠራ የውሃ ማሞቂያ ከዚህ ግማሽ ያህሉን ውሃው ውስጥ ማስገባት ይችላል። ስለዚህ ሁለት ካሬ ሜትር ለቤተሰቡ ይበቃል ማለት ነው። የመብራት ፓነል ግን ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን ያህል ስለሆነ ለዚያው ሥራ አምስት ካሬ ሜትር ያህል ይጠይቃል።

በርሜሉን በተመለከተ፣ ውስጡ 60 ዲግሪ ከደረሰ ለዚያ 150 ሊትር የሚያስፈልገው 85 ሊትር ሙቅ ውሃ ብቻ ነው፤ ቀሪው ቀዝቃዛ ይቀላቀልበታል። 150 ወይም 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ከገዛህ ደመናማ ለሆነ አንድ ቀን መሻገሪያ ይተርፍሃል። ሻጮች 300 ሊትር ይሻልሃል ቢሉህ «ለምን?» ብለህ ጠይቅ። ትልቅ በርሜል በትንሽ ፀሐይ ለብ ያለ ውሃ ብቻ ነው የሚሰጥህ።


ቆጣሪ አንባቢ — ኅዳር 9

እኔ ይህ ሁሉ ድካም አይገባኝም። የኤሌክትሪክ ቦይለር ግዙና ጨርሱ። ታሪፍ ጨመረ ብላችሁ ጣሪያ ላይ የመስታወት ሱቅ መክፈት ምን ይባላል? የፀሐዩ ዕቃ ዋጋ የስንት ዓመት የመብራት ሒሳብ እንደሆነ ማንም እዚህ አልጻፈም።


የጠባሴው አባወራ — ኅዳር 9

ቆጣሪ አንባቢ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ግን ቦይለር መብራት ሲጠፋ ያው ጭራሮ ለቀማ ነው። ሰፈራችን ደግሞ ማታ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ ኃይሉ ይወርዳል፤ ብሬከሩ ይዘላል። እናቴ ደግሞ ሌሊት ለጸሎት ሲነሡ ሙቅ ውሃ ይፈልጋሉ። ሰው ሳይቀሰቅሱ ራሳቸው ቧንቧ ከፍተው እንዲያገኙ ነው የምፈልገው።


ኤሌክትሪክ ሠራተኛ — ኅዳር 9

ቆጣሪ አንባቢ ስለ ቦይለር ሲጽፍ የመሬት መስመር ሳይጠቅስ ማለፉን አልወደድኩትም። በተለይ እነዚያ ሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠሙ ቅጽበታዊ ማሞቂያዎች 3.5 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባሉ፤ በቀጭን ሽቦና ያለ መሬት መስመር ተገጥመው ስንት ቤት አይቻለሁ። እርጥብ ሰውነትና 220 ቮልት አብረው አይሄዱም።

ፓነል ከቦይለር ጋር አያይዝ ያለህን ሻጭ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቀው። ከፓነል የሚመጣው ቀጥተኛ ጅረት ነው። ተራ ቦይለር ውስጥ ያለው ቴርሞስታት፣ ውሃው ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው፣ የተሠራው ለተለዋዋጭ ጅረት ነው። ቀጥተኛ ጅረት ስታሳልፍበት፣ ሊቆርጥ ሲል መገናኛው ላይ ብልጭታው ሳይጠፋ ይቀጥላል፤ ቀስ በቀስ ይጣበቅና ጭራሽ መቁረጥ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ውሃው ይፈላል፣ የሚያስቆመው የለም። ቀጥተኛውን ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይር ኢንቨርተር ወይም ለዚሁ የተሠራ መቆጣጠሪያ ካልተጨመረ አትንካው። ከተጨመረ ግን ጥሩ ጎን አለው፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሽቦ ስለሆነ ውርጭ አያገኘውም፤ በክረምት ትንሽም ብትሆን መብራት ታገኝበታለህ። ዋጋው ነው ጥያቄው።


የመሐል ሜዳዋ — ኅዳር 10

እኔ ሻጭም ሊቅም አይደለሁም። የልጅ ልጄ ነው ይህንን የሚጽፍልኝ፤ እኔ እነግረዋለሁ።

ልጄ፣ አንተ የምትለው ብርድ መንዝ ላይ ሲሆን ሌላ ነው። እኛ ያለን ጥቁር ቀለም የተቀባ በርሜል ብቻ ነው። በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተጋድሞ ከላይ መስታወት ተደርጎበታል። ከሥርና ከጎን የሞላነው የበግ ጸጉር ነው። መንዝ የበግ ጸጉር አይቸግርም፤ ዱሮ ባናና ዝተት ይሠራበት ነበር፣ አሁን የሚፈትለው ሰው አነሰ። ጸጉሩን በደንብ አጥበን፣ አድርቀን፣ በፌስታል ቋጥረን ነው ያስገባነው። እርጥበት ካገኘው ሙቀት አይዝም፣ ካልታጠበም ብል ይበላዋል። ማታ የእንጨት ክዳን እንከድንበታለን።

ውሃው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደህና ይሞቃል። ጠዋት ግን ቀዝቅዞ ነው የሚያድረው፤ አልዋሽህም። ስለዚህ የመታጠቢያውን ሰዓት ነው የለወጥነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ሳፋው። ልብስም በዚያ ሰዓት ይታጠባል። ከዚያ ወዲህ ለገላ ተብሎ ኩበት አልነደደም፤ ኩበቱ ወደ ማሳው ሄደ።

እናትህ ሌሊት የሚነሡ ከሆነ ግን የእኔ በርሜል ለእሳቸው አይሆንም። ሌላ ፈልግላቸው።


የፊዚክስ መምህር — ኅዳር 10

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እርስዎ የገለጹት በርሜል በዓለም ላይ ለገበያ ከወጡት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያዎች የመጀመሪያው ዝርያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ክላረንስ ኬምፕ የሚባል አሜሪካዊ ባልቲሞር ላይ በጥቁር የተቀቡ ታንኮችን መስታወት በለበሰ ሣጥን ውስጥ አድርጎ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ድክመቱም እርስዎ ያሉት ነው፤ ሌሊቱን አይሻገርም። በ1909 ዊልያም ቤይሊ የሚባል ሰው ካሊፎርኒያ ላይ ማሞቂያውንና ማጠራቀሚያውን ለያያቸው። ቧንቧው ውጭ ፀሐይ ላይ፣ ታንኩ በወፍራም ሽፋን ተጠቅልሎ ከላይ። ሙቅ ውሃ ስለሚቀል ያለ ፓምፕ ራሱ ወደ ታንኩ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይተካል። ዛሬ የምንገዛቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት።

ከዚህ ክር ጋር የሚገናኘው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1913 ካሊፎርኒያን ያልተለመደ ብርድ መታትና የቤይሊ ቧንቧዎች ፈነዱ። ቧንቧ ሠሪው ከላይ የጻፈውን ያኔ እነሱም አዩት። ቤይሊ ከዚያ በኋላ በማሞቂያው ውስጥ የሚዞረውን ከመታጠቢያው ውሃ ለየው። አልኮል የተቀላቀለበት ውሃ ውጭ ይዞራል፣ በታንኩ ውስጥ በተጠማዘዘ ቧንቧ አልፎ ሙቀቱን ይሰጣል፣ ሁለቱ አይነካኩም።


የአይሱዙ ሹፌር — ኅዳር 10

በቃ መፍትሔው ተገኘ ማለት ነው። የመኪና ራዲያተር ላይ የምንጨምረውን ፀረ ውርጭ ጠፍጣፋው ሣጥን ውስጥ ጨምር። በየነዳጅ ማደያው አለ።


ነርሷ — ኅዳር 10

በፍጹም! ወንድሜ፣ ይህን ጽሑፍ አንብቦ የሚሞክር ሰው ሊኖር ስለሚችል ጠንከር አድርጌ መጻፌን ይቅር በለኝ። የመኪናው ፀረ ውርጭ አብዛኛውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል ነው። ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ሕፃናትና ከብቶች ይልሱታል፤ ኩላሊትን ያበላሻል፣ ይገድላል። በታንኩ ውስጥ ያለው የተጠማዘዘ ቧንቧ አንድ ቀን ቢበሳ ከሻወራችሁ ጋር ይቀላቀላል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለው ሌላ ፈሳሽ ነው፤ ያንን ካላገኛችሁ ነገሩን ተዉት።

በዚያውም ማንም ያልጠቀሰውን ልጨምር። ስለ ውርጭ ስታወሩ ማቃጠሉን ረስታችኋል። እነዚህ የመስታወት ቱቦ ያላቸው በበጋ 80 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። 60 ዲግሪ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በጥቂት ሰከንዶች ያቃጥላል፤ የአዛውንትና የሕፃን ቆዳ ደግሞ ስስ ነው፣ አዛውንት እጃቸውን ቶሎ አይስቡም። የጠባሴው አባወራ፣ እናትህ ሌሊት በጨለማ ራሳቸው ቧንቧ እንዲከፍቱ ከፈለግህ ሙቁንና ቀዝቃዛውን ራሱ የሚያመጣጥን ቫልቭ መታጠቢያ ቤቱ መግቢያ ላይ አስገጥም። «ውሃውን በርሜሉ ውስጥ ለብ አድርጌ እይዘዋለሁ» ብለህም አታስብ፤ ለብ ያለ ውሃ ለቀናት ሲቀመጥ የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባበታል። በርሜሉ 60 ይድረስ፤ የምትቀንሰው ሻወሩ ላይ ስትደርስ ነው።


ቧንቧ ሠሪው — ኅዳር 11

ነርሷ እጅሽ አይጉደል። ያ ቫልቭ አዲስ አበባ ይገኛል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ሳትጠይቅ የሚያመጣልህ ሱቅ አላየሁም። ሲገዛ በሮቶ ግፊት የሚሠራ መሆኑ ይጠየቅ፤ አንዳንዱ ከፍ ያለ ግፊት ካላገኘ ውሃ አያሳልፍም።

ወደ ቱቦዎቹ ልምጣ፤ ለአንተ የምመርጠው እነሱን ስለሆነ። እያንዳንዱ ቱቦ ሁለት ድርብ መስታወት ነው፤ በመካከሉ ያለው አየር ወጥቷል። ፔርሙስ እንደ ማለት ነው። ውስጡ ያለው ውሃ ከሌሊቱ ብርድ ጋር አይተዋወቅም። እኛ ከተማ ውርጭ የሰበረው ቱቦ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሌላ የሰበራቸውን ግን ቆጥሬ አልጨርስም።

ዋናው ውሃ መጥፋት ነው። በፈረቃ የሚኖር ሰው ይህን ደጋግሞ ያንብበው። በርሜሉ ባዶ ሆኖ ቱቦዎቹ ቀትር ላይ ደርቀው ከቆዩ ውስጣቸው ከ200 ዲግሪ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ውሃ ሲመጣ ያ የውርጭ አገር ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባባቸው ተራ በተራ ይፈነዳሉ። ስለዚህ ከከተማው መስመር በቀጥታ አይያያዝም። ከሮቶው ነው የሚወስደው፤ ሮቶውም ከማሞቂያው በርሜል ከፍ ማለት አለበት። ደርቆ ከተገኘ ደግሞ ወይ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ወይ ማታ ነው የሚሞላው። ቸኩሎ ቀትር ላይ የሚሞላ ሰው የቱቦ ገንዘብ ያዘጋጅ።

ሲገዛ ቱቦውን አገላብጦ ማየት። ከታች ጫፉ ላይ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ቅብ አለ። ያ ወደ ነጭነት ከተለወጠ አየር ገብቶበታል፤ ከዚያ በኋላ ተራ ጠርሙስ ነው። ሻጩ ፊት ለፊት እያንዳንዱን እዩ። ይቆጣል፤ ይቆጣ።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማያየው፣ ከበርሜሉ ወደ ቤት የሚወርደው ቧንቧና የበርሜሉ መተንፈሻ ነው። ቱቦው ከውርጭ ቢድን ቧንቧው አይድንም። ሙቅ ውሃ የሚችለውን ፒፒአር የሚባል የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ቀዩ መስመር ያለበትን ግዛ፤ በስፖንጅ ጠቅልለው፣ ስፖንጁን ፀሐይ ስለሚበላው ከላይ በላሜራ ሸፍነው። መተንፈሻው በበረዶ ከተደፈነ ደግሞ ጠዋት ውሃ ስትቀዳ በርሜሉ አየር መሳብ ስለማይችል ወደ ውስጥ ይጨራመታል። ጉልበት ያለው ሰው በቡጢ የመታው የሚመስል በርሜል ታያለህ። መተንፈሻው አጭርና ሰፊ ይሁን፤ ውሃ የሚያቁር ክርን አይኑርበት።


የአንኮበር ጉም — ኅዳር 11

እኛስ? አንኮበር ላይ ጉሙ አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር አይነሣም። ጣርማበር ያሉ ዘመዶቼም እንደዚያው ናቸው። ወጪው ያዋጣናል?


የፊዚክስ መምህር — ኅዳር 11

ጉም ውስጥም ብርሃን አለ፤ የተበተነ ነው እንጂ። የመስታወት ቱቦ ያለው ከዚያ የተበተነ ብርሃን የሚያገኘውን ሙቀት ስለማያስመልጥ ከጠፍጣፋው ይሻላል። ሆኖም ፀሐይ ባለበት ቀን የምታገኘውን አትጠብቅ። ለእናንተ እኔ በርሜሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ ያለበትን ነው የምመክረው፤ ፀሐይ ከ14 ወደ 35 ካደረሰችው ኤሌክትሪኩ ከ35 ይቀጥላል። ለሐምሌና ነሐሴ ደብረ ብርሃንም ያለዚህ አይሆንም። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ብቻ ይበቃል የሚል ሻጭ ክረምታችንን አያውቀውም።


በያጁ — ኅዳር 12

ስለ ጣሪያው ማንም አልተናገረም። 200 ሊትር ውሃ፣ ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ከ50 ሊትር በላይ፣ ብረቱ፤ ሲደመር 300 ኪሎ ይጠጋል። የባህር ዛፍ ማገር ላይ? እኔ አልሰቅልም፤ ቢከፍሉኝም። ግቢ ውስጥ በአንግል ብረት ማማ ሥራለት፤ እግሩን በኮንክሪት ቅበር። አጠገብህ የሮቶው ማማ ስላለ አያይዘን መሥራት እንችላለን። ከሰማይ ለሚወርደው በረዶ ደግሞ ሽቦ ወንፊት ከላይ እንዲዘረጋለት የሚጠይቁ አሉ። እሠራለሁ፤ ግን ጥቂት ጥላ ይጥላል።

አቅጣጫው ግን እኔም አከራክሮኛል። አንዳንዱ ደንበኛ «ወደ ሰሜን አዙረው፤ በክረምት ፀሐይ በሰሜን ነው የምትሄደው» ይለኛል። ሌላው ደቡብ ይላል።


ቆጣሪ አንባቢ — ኅዳር 12

ወደ ሰሜን ነው። የእኔ ቤት በረንዳ በሰኔ ፀሐይ የሚገባው በሰሜን በኩል ነው። ዓይኔን ልመን ወይስ መጽሐፍ?


የፊዚክስ መምህር — ኅዳር 12

ዓይንህን እመን፤ ትክክል አይተሃል። እኛ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.7 ዲግሪ ላይ ስለሆንን ከሚያዝያ 7 አካባቢ እስከ ነሐሴ 22 አካባቢ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በስተ ሰሜን ታልፋለች። በቀረው ጊዜ በደቡብ ናት። ጥያቄው ሙቅ ውሃ አጥብቀህ የምትፈልገው መቼ ነው የሚለው ነው። ክረምቱ ደመና ነው፣ ወዴት ብታዞረው ብዙ ለውጥ የለውም። ውርጩ ያለው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ያኔ ፀሐይዋ በደቡብ ዝቅ ብላ፣ ቀትር ላይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ።

ዝንባሌው፣ ከውጭ የሚመጡት ማቆሚያዎች አንዳንዶቹ ከእኛ በጣም ሰሜን ላሉ አገሮች የተሠሩ ስለሆኑ 45 ዲግሪ ይቆማሉ። ለታኅሣሥ አይጎዳም፤ ለሰኔ ግን ፀሐይዋን በጎኑ ነው የሚያያት። በያጁ ማማውን ራሱ የሚሠራ ከሆነ 25 ዲግሪ አድርገው። በታኅሣሥ ቀትር ከፊት ለፊት የሚገኘውን ብርሃን 99 በመቶ፣ በሰኔ ደግሞ ወደ 78 በመቶ ያገኛል። ከ15 ዲግሪ በታች ግን አትውረድ፤ ውሃው በራሱ ለመዞር ይሰንፋል።

በያጁ ኮምፓስ ከሌለህ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አካባቢ ቀጥ ያለ ብረት አቁምና ጥላውን እይ። በዚህ ወር ጥላው ሰሜንን ያመለክታል።


ቆጣሪ አንባቢ — ኅዳር 12

እሺ፣ ደቡብ ይሁን። የዋጋውን ጥያቄዬን ግን አልመለሳችሁልኝም።


ቧንቧ ሠሪው — ኅዳር 13

ዋጋ እዚህ የማልጽፈው በየወሩ ስለሚለዋወጥ ነው። ሒሳቡን ግን ራስህ መሥራት ትችላለህ። መምህሩ በቀን 4.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብሏል። ክረምቱን ቀንስና በዓመት 270 ቀን ፀሐይ ሠራች በል፤ ከ1,200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ቆጣሪህ ላይ ባለህበት እርከን አባዛውና የዕቃውን፣ የማማውንና የእጅ ዋጋውን አካፍልበት። ብቻውን ለሚኖር ሰው አያዋጣም፤ ይህን ለደንበኞቼም እነግራለሁ። አምስት ሆነው በየቀኑ ለሚታጠቡ ያዋጣል። ማገዶ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ከኤሌክትሪክ ጋር ሳይሆን ከሸክሙ ዋጋ ጋር ነው የሚወዳደረው።


የጠባሴው አባወራ — ኅዳር 14

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመስታወት ቱቦ ያለው፣ 200 ሊትር፣ 1.5 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ሽቦ ያለበት እንዲሆን ወስኛለሁ። ማማው ግቢ ውስጥ ይሆናል፤ ለሻወሩ መግቢያ የነርሷን ቫልቭ እንዲገዛልኝ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ልኬአለሁ። የመሐል ሜዳዋ እናታችን፣ የእርስዎን ምክርም ወስጃለሁ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይታጠባሉ፣ ሌሊቱን የሚያድረው ሙቅ ውሃ ለእናቴ ይቀራል።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። የሮቶው ማማ ሦስት ሜትር ነው፤ ይበቃል? ሁለተኛ፣ በደቡብ በኩል የጎረቤቴ ባህር ዛፍ አለ። ቁመቱ ወደ 12 ሜትር ይሆናል፤ ማማው ከሚቆምበት ቦታ 15 ሜትር ይርቃል።


ቧንቧ ሠሪው — ኅዳር 14

የማሞቂያው በርሜል ከሮቶው ሥር ዝቅ እስካለ ድረስ ይበቃል። በርሜሉን ከመሬት ሁለት ሜትር ላይ አድርገው፤ ሻወሩ ላይ ግፊቱ ደካማ ከሆነብህ ሰፊ ቀዳዳ ያለው የሻወር ራስ ግዛ። ከበርሜሉ እስከ ሻወሩ ያለውን መንገድ አሳጥር። 10 ሜትር ባለ 25 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ውስጥ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ቀዝቅዞ ያድራል፤ እናትህ ሙቁን እስኪያገኙ ድረስ የሚያፈስሱት እሱን ነው። ባልዲ ያስቀምጡለት፤ ለአትክልት ይሆናል።


የፊዚክስ መምህር — ኅዳር 14

የዛፉ ጥላ በታኅሣሥ ቀትር 8 ሜትር ገደማ ስለሚሆን አይደርስብህም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግን 20 ሜትር ይረዝማል፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው የሚወድቀው። ዛፉ ከማማው በትክክል በደቡብ ከሆነ ጥላው በጎን ያልፋል። ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ ከሆነ የጠዋቱን ፀሐይ ይወስድብሃል። ነገ ጠዋት ወጥተህ ቦታውን እይ።


የጠባሴው አባወራ — ኅዳር 15

አየሁት። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ጥላው እስከ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ማማው የሚቆምበት ቦታ ላይ ነበር።


በያጁ — ኅዳር 15

ማማውን አራት ሜትር ወደ ምዕራብ እናንቀሳቅሰው፤ ብረቱ ገና አልተቆረጠም። ሐሙስ ስመጣ አብረን እንለካለን።


ይፋት ቆላ — ኅዳር 15

ባህር ዛፍ ግን የዛሬ ቁመቱን ይዞ አይቆምም። ጎረቤትህን ከአሁኑ አነጋግረውና ሊቆርጠው ሲያስብ አጠናውን አንተ ግዛው። ለአጥርህ ይሆንሃል።